ከእሸት በፊት የሚመረጥ ዘር

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ በጉና ተራራ ጥግ አልፎ፣ ነፋስ መውጫን ተሻግሮ፣ ጨጨሆ እስኪደርስ ድረስ ግራና ቀኙ የላይ ጋይንት ደጋ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ አዘንብሎ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በኩል የሚወርድ መንገደኛ ደግሞ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ራስ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ፣ ውርጩን፣ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን በጥቂት ቀን መንገድ ውስጥ አከታትሎ ያያል። የደጋው ገበሬ ከገብሱ ጎን ባቄላውን ይዘራል፤ የወይና ደጋዋ እመቤት ከጌሾዋና ከጎመኗ አጠገብ፣ በአጥሩ ሥር፣ ጥቂት አደንጓሬ ወይም ቦሎቄ ትተክላለች። እንዲህ ያለው የጓሮ ዘር እንደ ማዳበሪያ በከረጢት ታሽጎ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ሳይሆን ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ አንዳንዴም ከተዳረች ልጅ ጓዝ ጋር በጨርቅ ተቋጥሮ ወደ ሌላ መንደር ሲሻገር የኖረ ነው። ይህ ዘር እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ባለቤቱም ሳያውቀው በገዛ እጁ እንዴት እንደሚበላሽ መናገር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው፤ ጓሮው ሰፊ የሆነውም ሆነ በከተማ ግቢው ጥግ አንዲት መደብ ብቻ ያለችው አንባቢ የየድርሻውን ያገኝበታል።

የጋይንት ምድር በሊቃውንት ዘንድ ስሙ የሚነሣው በአዝርዕቱ ሳይሆን በዜማው ነው፤ ቤተልሔም የድጓ ምስክር፣ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ሆነው፣ ከየአውራጃው የመጣውን ደቀ መዝሙር ሲያስተምሩና ሲያስመሰክሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ዜማውና አዝመራው የተለያዩ ዓለማት አይደሉም፤ ድጓው ዓመቱን በየወቅቱ ሲያከፋፍል ከሰኔ 26 ቀን እስከ ሐምሌ 18 ቀን ያለውን የዘመነ ክረምት መግቢያ ለዘርዕና ለደመና ይሰጠዋል፤ ከመስከረም 9 ቀን እስከ 15 ቀን ያለውን ሰሙን ዘመነ ፍሬ ይለዋል፤ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮም ዘመነ ጽጌ ይገባል። የባቄላም ዕድሜ ከዚሁ ሥርዓት ብዙ ሳይርቅ ይሄዳል፤ በሰኔ አጋማሽና በሐምሌ መግቢያ መካከል ይዘራል፣ በነሐሴ ያብባል፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ እሸቱ ይደርሳል፣ በጥቅምትና በኅዳር ቆባው ጠቁሮ ይታጨዳል። አኮፋዳውን አንግቦ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ ከሚቀበለው ቆሎ አንዱ ባቄላ ነውና፣ የቤተልሔም ዜማ ከጎረቤቱ ማሳ ጉልበት ሲያገኝ ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዓመት ውስጥ ከ180 የሚበልጥ ቀን ሥጋና ወተት በማይቀመስበት አገር ጥራጥሬ የድኻውም የባለጸጋውም ብርታት ነው። ባቄላው ደግሞ በሽሮ፣ በክክና በንፍሮ ብቻ አያበቃም፤ ተቆልቶ ሲነከር አሹቅ ይሆናል፤ በርጥበት ሲጎነቁል በቆልት ይሆናል፤ ዱቄቱ ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር ተብላልቶ ለዐቢይ ጾም ስልጆ ይሆናል፤ በጸሎተ ሐሙስም ተከክቶ ከስንዴ ጋር ይቀቀልና ጉልባን ይሆናል። ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በምድረ በዳ በደከመ ጊዜ ወዳጆቹ ካቀረቡለት ስንቅ መካከል ባቄላ እንደ ነበረበት መጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ይመሰክራል። ለመሬቱም ቢሆን ባለውለታ ነው፤ በሥሩ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ጉብጉብታዎች ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት የሚኖሩባቸው ማደሪያዎች ሲሆኑ፣ እነዚህ ሕዋሳት ከአየሩ ናይትሮጅን እየወሰዱ ለተክሉ ምግብ ስለሚያደርጉለት፣ ባቄላ በተነቀለበት መሬት ላይ በተከታዩ ዓመት የሚዘራው ገብስ ሲያምርበት የጉና ሥር ገበሬ ሳይንሱን ሳይሰማም ያውቀዋል።

ዘር የሚመረጠው መቼ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ብዙ ሰው «በአውድማ፣ እህሉ ከተወቃ በኋላ» ብሎ ይመልስልናል። እኔ ግን እንደማምነው ምርጫው ከዚያ አስቀድሞ፣ በመስከረም፣ ማንም ሳያስበው ተፈጽሞ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ የሚመርጠውም ረኀብ ነው። ነሐሴና መስከረም የአምናው እህል ከጎታው የሚሟጠጥባቸው ወራት እንደ ሆኑ፣ በጋይንትና በስማዳ መሬቱ የተጎዳ፣ ማሳው የጠበበ፣ ቤተ ሰቡም ብዙ ጊዜ በሴፍቲኔት ርዳታ የሚደገፍ እንደ ሆነ ላወቀ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው፣ ከሁሉ ይልቅ የሞላው፣ ለቤቱ ደጃፍ የቀረበው ባቄላ በእሸትነቱ ይፈለፈላል፤ ልጆች ከብት ሲመልሱ ይቀጥፉታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀርባል፣ ገበያ ወጥቶም ይሸጣል። ለአጨዳ የሚቀረው ታዲያ እንደ ምን ያለው ነው? ዘግይቶ ያበበው፣ ቆባው ያልሞላው፣ ከቅጠል በታች ተሸሽጎ ዓይን ያላየው ነው። ይህ የተረፈው ተወቅቶ በሚቀጥለው ሰኔ ሲዘራ ዘግይቶ የመድረስን ጠባይ ለልጁ ያወርሳል፤ እንዲህ እየሆነ ዐሥርና ሃያ ዓመት ሲያልፍ ባለቤቱ «ዘሩ አረጀብን፣ መሬቱም ጠላው» ይላል። ዘሩ ግን አላረጀም፤ በየዓመቱ ምርጡ እየተበላ ግርዱ ሲዘራ ስለ ኖረ፣ ግርድ መሆንን ተማረ እንጂ። የዘገየ ባቄላ ደግሞ በጉና ሥር በጥቅምት ውርጭ ይቀድመዋል፤ በስማዳ ዝቅተኛው ወገን ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥ አበባው እንደ ረገፈ ይቀራል።

መድኃኒቱ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ቁርጥ ፈቃድ ግን የሚጠይቅ ነው። ተክሉ ማበብ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባለቤቲቱ በየጠዋቱ ወደ ጓሮ በወጣች ቁጥር፣ ከባልንጀሮቹ ቀድሞ ያበበውን፣ አገዳው ያልወደቀውን፣ ቅጠሉን ቡናማ ነጠብጣብ ያላቃጠለውን፣ ከታችኛው አንጓ ጀምሮ ቆባ የቋጠረውን ተክል እየለየች በአገዳው ላይ የፈትል ክር ታስርበታለች፤ ክር የታሰረበትም ተክል እንደ ስለት ዕቃ ተቆጥሮ ልጅም ሆነ እንግዳ እንዳይነካው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይነገራል። ምርጫው ከማሳው ዳር ባይሆን ይሻላል፤ በዳር ያለው ተክል ብርሃንና ስፍራ ስለ በዛለት ብቻ ወፍሮ ይታያልና፣ ውፍረቱ የቦታው እንጂ የዘሩ ላይሆን ይችላል። እንዲሁም ሁለትና ሦስት ያማሩ ተክሎች ተገኙ ብሎ ዘሩን ሁሉ ከእነርሱ መያዝ የዘመድ ጋብቻን ያህል ጉዳት አለው፤ ለባቄላ ቢቻል ከ50 ያህል ተክል፣ ጓሮ ከጠበበም ከ20 ካላነሰ ተክል ጥቂት ጥቂት ማውጣት ይገባል።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም አንዲት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያገራችን የባቄላ ዘር በሰፌድ ላይ ሲዘረጋ አመድማው፣ አረንጓዴው፣ ቡናማው፣ አልፎ አልፎም ጥቁሩ ተደባልቆ ይታያል፤ ፍሬውም ከውጭ አገሩ ባቄላ ያነሰ ነው። ከተማ የዋለ ሰው ይህን መደባለቅ የቸልታ ምልክት አድርጎ ያየውና አንዱን ቀለም ብቻ ለቅሞ መዝራት ሥልጣኔ ይመስለዋል። የተሸበሸበውን፣ የተበሳውንና ሻጋታ የነካውን ማስወገድ ትክክል ነው፤ ጤነኛውን ግን በመልኩ መለየት ስንፍና ባይሆን እንኳ ድፍረት ነው፤ አንዱ ዝናብ ሲበዛ፣ ሌላው ዝናብ ሲያጥር፣ ሦስተኛው ደዌ ሲገባ የሚጸና በመሆኑ፣ የድብልቁ ባለቤት በየትኛውም ዓመት ባዶ እጁን ላለመቅረት መያዣ አለው።

የባቄላን አበባ ጎንበስ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከነጩ መካከል ግራና ቀኝ በተጣጠፉት ሁለት ክንፎች ላይ አንዳንድ ጥቁር ነጥብ ያያል። ንብ መጥታ በክንፎቹ ላይ ስታርፍ በክብደቷ ወደ ታች ይጫኑና በውስጥ ተደብቆ የነበረው ብናኝ ከነዘንጉ ብቅ ብሎ ሆዷን ይዳብሳታል፤ እርሷም ያንን ተሸክማ ወደሚቀጥለው ተክል ትሄዳለች። (አንዳንዱ ብልጥ ነፍሳት ግን በፊት ለፊት መግባት ትቶ የአበባውን ግርጌ ነክሶ በመብሳት ማሩን ሰርቆ ይሄዳል፤ ለተክሉ ምንም አይፈይድለትም።) ስለዚህ ባቄላ ከራሱ ብናኝ ብዙውን ፍሬ ቢይዝም፣ እንደ ቦታውና እንደ ንቡ ብዛት እየተለያየ፣ በአማካይ ሲሶ ያህሉ ከሌላ ተክል የተዳቀለ ይሆናል። ሁለት ልዩ ልዩ የባቄላ ዘር በአንድ ጓሮ ዘርቶ ሁለቱንም ሳይከለሱ ለማቆየት ማሰብ እንግዲህ ከንቱ ነው፤ አንዱን መርጦ መያዝ፣ ጎረቤትም ሌላ ዘር የዘራ እንደ ሆነ ለዘር የሚሆነውን ከማሳው እምብርት ብቻ መልቀም ነው።

ቦሎቄ በዚህ ረገድ የዋህ ነው። አበባው ገና ሳይፈካ ብናኙ በውስጡ ስለሚረግፍ ከራሱ ይፀንሳል፤ በጥቂት እርምጃ ተራርቀው የተተከሉ ሦስትና አራት ዓይነቶች ሐረጋቸው ካልተጠላለፈና በአጨዳ ጊዜ ካልተደባለቁ በስተቀር ከዓመት ዓመት መልካቸውን እንደ ጠበቁ ይኖራሉ። አደንጓሬ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዘሮች አሉና። አንደኛው የቦሎቄ ወገን ሆኖ በባላ ወይም በበቆሎ አገዳ ላይ የሚሳብ ነው፤ ሁለተኛው ቀዝቃዛ አገር የሚወድ፣ ብዙ ጊዜ ደማቅ ቀይ አበባ የሚያወጣ፣ ፍሬው ትልልቅ፣ ሥሩ ወፍሮ ለሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ማቆጥቆጥ የሚችል ነው፤ ይህኛው ያለ ንብ ብዙ ፍሬ አይዝም፣ ከጎረቤቱም ጋር በቀላሉ ይዳቀላል። ሁለቱን ለመለየት አበባ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም፤ ቡቃያው አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣቸው እንደ ሆነ የቦሎቄ ወገን ነው፤ ክኮቹን ከአፈር በታች ትቶ እንቡጡን ብቻ ብቅ ያደረገ እንደ ሆነ ግን ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግረው የመጡ ስለ ሆኑ፣ ከጥንት ጀምሮ በመካከለኛው ምሥራቅ ከታወቀው ከባቄላ ጋር ሲነጻጸሩ የትናንት እንግዶች ናቸው፤ ነገር ግን ቤተ ሰብ በትውልድ ብዛት የጠበቀውን ዘር መጤ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው እኔ አላውቅም።

ለዘር የተከለለው ተክል ቆባው እስኪጠቁር፣ ሲነቀነቅም ፍሬው በውስጡ እስኪንኳኳ ድረስ በአገዳው ላይ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ለሽያጭ ከሚሆነው ተለይቶ ይወቃል፤ በበሬ እግር ከማስረገጥ በእጅ መፈልፈል ወይም በቀጭን ዱላ ቀስ ብሎ መምታት ይሻላል፤ የተሰነጠቀ ክክ ለወጥ እንጂ ለዘር አይሆንም። በሰፌድ ተበጥሮ በጥላና በነፋስ ይደርቃል፤ ጽኑ ፀሐይ ልጣጩን ስለሚሰነጥቀው አይመከርም። ደርቋል ለማለት አንዱን ፍሬ በጥርስ መንከስ በቂ ነው፤ ጥርስ ምልክት ከተወበት ገና ነው፣ እንደ ጠጠር ከመለሰው ደርሷል። በዘር ጥናት የታወቀ አንድ ሕግ አለ፦ በዘሩ ውስጥ ያለው ርጥበት በመቶ አንድ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የማስቀመጫው ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በወረደ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለች ብርዳም ከተማ በመሆኗ ሁለተኛውን በነፃ አግኝታዋለች፤ የበሽሎ ዳር ሰው ግን በመጀመሪያው ላይ መበርታት አለበት።

የዘር ጠላቱ ነቀዝ ነው። ብዙ ሰው ነቀዝ ከጎታው የሚመነጭ ይመስለዋል፤ የቦሎቄን ፍሬ ከሚያጠቁት ወገኖች አንዱ ግን እንቁላሉን ገና በማሳ ሳለ በቆባው ውስጥ ጥሎ ከእህሉ ጋር አብሮ ወደ ቤት ይገባል። ትሉ ፍሬውን ሰርስሮ በመሐሉ ይኖራል፤ ለመውጣት ሲቃረብ ከልጣጩ ሥር ክብ መስኮት የመሰለች ቀጭን ቦታ ትታያለች፤ ይህችን ያየ ሰው ያንን ፍሬ በእሳት ይጣል፣ ሌላውንም አንድ በአንድ ይመርምር። የአበው መከላከያ አመድ ነው። የቀዘቀዘና የተነፋ አመድ ከዘሩ ጋር ተደባልቆ በፍሬና በፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ሲሞላ፣ ነቀዙ መንቀሳቀሻና መፈናፈኛ ያጣል፤ ገላው ላይ ያለው ሰም መሰል ቅባትም እየተፋቀ በድርቀት ይሞታል። አመዱ ፍሬውን ፈጽሞ እስኪሸፍነው ድረስ መብዛት አለበት፤ በላዩ የተነሰነሰ እፍኝ አመድ ለዓይን ካልሆነ በቀር አይረባም። ከዚያም በቅል ወይም በገንቦ ተጨምሮ አፉ በጭቃ ይደፈናል፤ አንዳንዶች ከምድጃው በላይ ጭሱ በሚደርስበት ይሰቅሉታል። ከተማ ላለው ሰው ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ ይበቃዋል፤ በሚገባ የደረቀውን ዘር ለጥቂት ቀን በማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ማሳደርም እንቁላሉን ከነትሉ ይገድልለታል።

ዘር ከቤት የሚጠፋው ግን በነቀዝ ብቻ አይደለም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የወረደው ክፉ ቀንም፣ በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅም ለዘር የተቀመጠውን እህል ሰው እንዲበላው አስገድደዋል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ዓመት ስንቅ ሳይሆን በብዙ ትውልድ የተገራ ጠባይ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ዞሮ ናሙና ከሰበሰበ በኋላ አገራችንን ከዓለም የአዝርዕት ምንጮች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል፤ ይህ ሀብት በሥርዓት እንዲጠበቅ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘርን በብርድ ቤት ከማከማቸት አልፈው በገበሬው ማሳ ላይ፣ ከገበሬው ጋር መጠበቅ ይገባል ብለው ስለ ሠሩ፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1989 ተቀብለዋል። ሐሳባቸው ትክክል መሆኑን ባቄላው ራሱ አሳይቶናል፤ ባለፉት ዓመታት በሰሜኑ ደጋ ቅጠሉን በእባጭ እያኮማተረ የሚያደርቅ አዲስ ደዌ ገብቷል። በብርድ ቤት የተኛ ዘር ከዚህ ደዌ ጋር አይተዋወቅም፤ በየጓሮው የሚዘራው ግን በየዓመቱ ይፈተናል፣ ከፈተናው ከተረፈውም ዘር ይያዛል። ይህን ስል የምርምር ሰዎችን ሥራ ማቃለሌ አይደለም፤ ከምርምር ማዕከላት የወጡት እንደ ደጋጋ፣ እንደ ዶሻና እንደ ጎራ ያሉት የባቄላ ዘሮች ለተስማማቸው መሬት ጥሩ ምርት ይሰጣሉ። ሞኝነቱ እነርሱን መቀበል ላይ ሳይሆን፣ እነርሱ መጡ ተብሎ ያገሩን ዘር እስከ መጨረሻይቱ ፍሬ ቀቅሎ መብላት ላይ ነው።

ዘርን ለማቆየት ከቅልም ከብርድ ቤትም ይልቅ አስተማማኙ ስፍራ የጎረቤት ጓሮ ነው። በዚህ አገር በረዶ አንዱን ሸንተረር መትቶ ማዶውን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፤ ውርጭም በሜዳው ተኝቶ ተረተሩን ይምራል። ስለዚህ ከተመረጠው ዘር ጥቂቱን በሌላ ቀበሌ ላለች እኅት ወይም አበልጅ፣ ከተቻለም ከፍታው ለተለየ አገር መስጠት፣ ከልግስና ይልቅ ብልኀት ነው፤ በማግስቱ ዓመት የራስ ቢጠፋ የሚመለስበት ቤት ይኖራል። በእያንዳንዱ ቅል ወይም ጠርሙስ ላይም ዘሩ የታጨደበትን ዓመትና የበቀለበትን ቦታ የምትናገር ቁራጭ ወረቀት ትታሰርበት፤ ባቄላና ቦሎቄ በተራ ቤት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቢቆዩ ነው፣ ከዚያ በኋላ ጉልበታቸው ይደክማል። ግንቦት ሲገባ 10 ፍሬ ቆጥሮ በርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ በቆልት የምታወጣ ሴት ሁሉ የምታውቀው ሥራ ነው። በሳምንቱ 8 ወይም ከዚያ በላይ የጎነቆለ እንደ ሆነ ዘሩ ደኅና ነው፤ 6 ከሆነ ጠቅጠቅ አድርጎ መዝራት ነው፤ ከ5 በታች የሆነ እንደ ሆነ ግን አምና ዘር የወሰደችውን ጎረቤት ደጅ መምታት ያኔውኑ ይገባል፤ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ከጣለ በኋላ እርሷም የያዘችውን ሁሉ አፈር ውስጥ ታገባዋለችና።